ቁልፍ

ካፖርቴ ላይ አንድ ቁልፍ ጎድሏል፤
የሪጋ ነፋስ ቀዳዳ አይንቅም፣ በዚያው ይገባል።
ትራሙ ድልድዩን አጋምሷል፤
ዳውጋቫ ከሥሬ ጥቁር ነው፣ ዳር ዳሩን በረዶ ጀምሮታል።
ጭኔ ላይ ረቂቅ አዋጅ፣ ስድስት ገጽ፤
ስድስተኛው ላይ አንዲት ዐረፍተ ነገር፣
በቀይ የከበብኳት፣ እንደ ጉድፍ በገጽ።

«ፖሊስ አስቸኳይ ነው ባለ ጊዜ
ያለ ዳኛ ፈቃድ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ይግባ» ትላለች፤
አጭር ናት፣ ትሑት ናት፣ ድምፅ የላትም፤
እግር ግን አላት፤ ደረጃ ትወጣለች።

ያረቀቋት የገዛ ወገኖቼ ናቸው።
ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ፈርተው ነው።
እኔም እፈራለሁ። ማታ ከስብሰባ ስመለስ
ቁልፌን በጣቶቼ መሀል ሰክቼ ነው የምራመደው፣ ከደጄ እስክደርስ።

ሰኞ፣ ከአገንስካልንስ ገበያ በላይ፣
ባለጉዳይ በምቀበልባት ጠባብ ክፍል
(ከታች የተጨሰ ዓሣ ይሸታል፣ የኮመጠጠ ጎመን በበርሜል)
ስካይድሪቴ ገባች፣ ክንዷ በጄሶ ታስሮ፤
ልብስ ሰፊ ነበረች፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ዘንድሮ።
ሐሙስ ማታ፣ ከገዛ ቤቷ ደረጃ፣
ሁለት ጎረምሶች ቦርሳዋን ነጠቋት፤
ጡረታዋ ከነመነጽሯ ሄደ፣ ወዴት እንደሁ እንጃ።
ፖሊስ የደረሰው በአርባ ደቂቃ፤
ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው፣ በቃ።

«አለቀ» አልኩ በልቤ፣ «መልሱ ቁጭ ብሏል ፊቴ፤
ለዚች ሴት ስለ መብት ላወራ በየትኛው አንደበቴ?»
ቢሆንም ስድስተኛዋን ገጽ አነበብኩላት፤
ራሷ እንዳታነብ መነጽር የላት።

ዝም አለች። ከታች ሚዛን ሲወርድ ተሰማ።
«አምስት ዓመቴ ነበር» አለች፣ «መጋቢት፣ ጨለማ።
ሰዎች በራችንን ከፈቱ። አላንኳኩም። ወረቀት አልያዙም።
አስቸኳይ ነው አሉ።
አባቴ አንድ እግር ጫማ አድርጎ ወጣ። ሌላው
አልጋ ሥር ቀረ። እናቴ በየቅዳሜው ቀለም ትቀባው ነበር፤
ለማን እንደሆነ አልጠየቅናትም።

የሐሙሶቹም ወረቀት አልያዙም።
እኔ ሳያንኳኳ የሚገባ ሦስተኛ እንግዳ አልጠየቅኩም፤
አምፖል ነው የጠየቅኩት፣ ለደረጃው።
አሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ቁጥራቸው እጄ ላይ ነው።
ጨለማውን ትታችሁ
በሬን ነው የምትነቅሉት?»

ስትወጣ ካፖርቴን አየች፤ የልብስ ሰፊ ዓይን አያርፍ።
«ክንዴ ሲድን አምጪው፤ መስፋቱ የኔ ነው፤
አንቺ ግን ፈልጊ ቁልፍ።»

ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ቁልፎች አሉ፤
አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫ፤ ስንት እጅ ነክቷቸው ለስልሰዋል፣ ያበራሉ።
አልዲስ ከጎኔ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣
«ቪዝማ፣ ሕዝቡ የሚሻው ደኅንነት ነው። ፖሊስ ጠባቂው ነው» አለኝ።
ልክ ነው። እሷም ጠባቂ ናት፤
አሥራ አንድ ደብዳቤ ልካ የምትጠብቅ።

እኔም ደኅንነት እሻለሁ፤ ደኅንነት የምለው ግን
በሩ መዘጋት መቻሉን ነው፣
የሚያንኳኳውም ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ ስሙን መጻፉን።
መንግሥት ትልቅ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ወንበር ይለቀቅለታል፤
ሳያንኳኳ የገባ ለታ ግን ባለቤቱ እንግዳ ይሆናል።
ሌባ ፍለጋ ብለን በራችንን ነቅለን ከወሰድን
ሌባውን ምን ጎዳነው? ድካሙን ቀነስን።

ቀዩን ተጫንኩ።
ሰሌዳው በራ፤ ሃምሳ ሁለት ለአርባ አራት። ተሸነፍኩ።
አጨበጨቡ። ወረቀቴን አጠፍኩ።

አምፖሉ አንድ ዩሮ ከሰማንያ ነው።
መሰላሉን ኢንጉስ አዋሰኝ፣ የገበያው ዘበኛ።
ስካይድሪቴ በደህናው እጇ እግሩን ይዛ
«ቀስ» ትላለች፣ «ቀስ፤ ደግሞ አንቺን እንዳላስታምም እኛ ቤት።»
በራ። አሥራ ዘጠኝ እርከን፣ ግድግዳው የተላጠ አረንጓዴ።
የምክር ቤት አባል ለአምፖል አይመረጥም፣ አውቃለሁ።
አዋጁን በጥር እንደገና አነሣዋለሁ፤
ወይም አላነሣውም። ዛሬ ማታ አላውቅም።

ስመለስ ቁልፌ እንደ ልማዱ በጣቶቼ መሀል።
ድልድዩ አፍ ላይ ስደርስ
ነፋሱ ካፖርቴን ከፈተው፤
አላንኳኳም።